ስሟን ያስቀየርኳት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለወንድሞቼ አልነገርኳቸውም። አብሮኝ ታክሲ ሲነዳ ለኖረው ጓደኛዬ፣ የሚስቴን ሞት ሲሰማ ሥራውን ጥሎ መጥቶ ከጎኔ ለተቀመጠው፣ ለእሱም አልነገርኩትም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጦርነት ሚስቱን የበላበት ሰው መሆኔን ነው። ያዝኑልኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሐዘናቸውን እቀበላለሁ። የማይገባኝን ሐዘን እየተቀበልኩ እስከ መቼ ልኖር ነው? እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገረው። ስናገር ፊታችሁን አላይም፣ እናንተም ፊቴን አታዩትም። ድፍረቴ እዚህ ድረስ ብቻ ነው።

እኔ የወሎዋ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ገባሁ። ጥቂት የመኪና ማቆሚያ ጠብቄ፣ ጥቂት ሣጥን ተሸክሜ፣ ሲሰለቸኝ ታክሲ ያዝኩ። ታክሲ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተፈጠረ ሥራ ነው፤ አለቃ የለው፣ ሰዓት የለው፣ እጅህ የገባው ገንዘብ የኪስህ ነው። ታዲያ እዚያ አገር ዓመቱ ሲዞር ገቢህን አስታውቀህ ግብርህን ትከፍላለህ፤ እኛ «ታክስ ፋይል ማድረግ» እንለዋለን። የመጀመሪያውን ዓመት አላውቅም ነበርና ተውኩት። በሁለተኛው ዓመት አወቅሁ፤ ግን አሁን ብሄድ ያምናውን ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ። በሦስተኛው የሁለቱን ፈራሁ። ከዚያ በኋላ መፍራቱንም ተውኩትና «እኔን ማን ያገኘኛል» እያልኩ መሳቅ ጀመርኩ። ያሳደገኝ አባት የመሬት ግብሩን ሳይከፍል እንቅልፍ የማይወስደው ገበሬ ነበር። አላህ ይዘንለትና ይህን ሳይሰማ ሞተ።

ለውጥ መጣ የተባለበት ዓመት ነበር። ውጭ ያለው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ አገር ቤት ሲጎርፍ እኔም ጎረፍኩ። ሐይቅ ላይ ከሚኒባሱ የወረድኩት እኔ ሳልሆን ዲያስፖራው ነበር። የባጃጅ ልጆች እጥፍ ያስከፍሉኛል፣ እኔም ደስ እያለኝ እከፍላለሁ። ምን ትሠራለህ ሲሉኝ ታክሲ እነዳለሁ ማለት አነሰኝና «ሹፌር ቀጥሬ መኪና አሠራለሁ» አልኩ። የምነዳው አንዲት መኪና ነበረች፣ እሷም የኪራይ ነበረች። ይህችን ትንሽ ውሸት የማነሣው በከንቱ አይደለም። ሌላው ሁሉ የመጣው እሷን ላለማፍረስ ነው።

እመቤትን ያገባሁት በዚያ ጊዜ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ የያዘችውን ነገር ሳትጨርስ የማትቀመጥ ሴት ነበረች። ይህ ጠባይዋ ነው የገደላት ብዬ ለራሴ የነገርኩበት ጊዜ ነበር። ጠባይዋ አይደለም። እኔ ነኝ።

አባቷ ጋሽ ሰይድ ከአምባሰል ወርደው ሐይቅ ገበያ እህል የሚነግዱ፣ ሰላምታቸው ረጅም፣ ዱዓቸው ከሰላምታቸውም የሚረዝም ሰው ናቸው። እናቷ ቀደም ብላ ሞታለች። ልጅቱ እንዴት ስሟን እንዳገኘች ጋሽ ሰይድ በኒካሑ ማግስት ራሳቸው አጫወቱኝ። ከእሷ በፊት የተወለዱት ልጆች አልበረከቱላቸውም፤ እየተወለዱ ይሞታሉ። አምባሰል ሳሉ ጎረቤታቸው የነበሩ አንዲት ክርስቲያን ሴት ግሸን ማርያም ወጥተው ተሳሉላቸው፤ ይህችኛዋ ከኖረች በእመቤቴ ስም ጥሩልኝ አሉ። ልጅቱ ኖረች። ጋሽ ሰይድ አቂቃዋን፣ የስም ማውጫዋን በግ፣ አርደው፣ ሸሁን ጠርተው ዱዓ አስደርገው፣ እመቤት አሏት። ሸሁም አሚን አሉ። በእኛ አገር ይህ ማንንም አያስደንቅም፤ ሙሐመድ ክርስቲያን አያት አለው፣ ገብሬም ሙስሊም አጎት አለው፣ ስሙም እንደ ዝምድናው ይደባለቃል። ጋሽ ሰይድ ያን ስም ሲጠሩት ግን ከሌላው ሰው ይለይ ነበር። ከደጅ ገና ሳይገቡ «እመቤት!» ይላሉ፤ «አቤት» እስክትላቸው ድረስ ጫማቸውን አያወልቁም ነበር።

ቶሎ እወስዳታለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ተመለስኩ። ማመልከቻውን አስገባሁ። የመጀመሪያው ደረጃ አለፈ፣ ደስ አለን፣ እሷ ለትምህርት ቤቱ ባልደረቦቿ ከረሜላ አደለች። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ለእኔ ነበር። ሚስትህን የምታስተዳድርበት ገቢ እንዳለህ አሳይ፣ ግብር የከፈልክበትንም አምጣ የሚል ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም። ከእሷ የጎደለ አንድም ነገር አልነበረም።

የአበሻውን ሁሉ ወረቀት የሚሞላልን አንድ ሰው ነበር፤ ወደ እሱ ሄድኩ። ነገሬን ሰምቶ አልደነገጠም። ያለፈውን ዓመት ሁሉ አንድ በአንድ እንሞላዋለን፣ ቅጣት ይኖራል፣ በየወሩ እየቆረጥክ ትከፍላለህ፣ ብዙ ሰው እንዲህ አድርጎ ሚስቱን አምጥቷል አለኝ። «እመለሳለሁ» ብዬው ወጣሁ። አልተመለስኩም። ለምን? መኖሪያ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ፈርቼ ነው እል ነበር። ዛሬ ግን ራሴን በደንብ ስጠይቀው ፍርሃቱ ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ኩራት ነው። ወረቀቱ ከተሞላ የማገኘው ገንዘብ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ መኪና አሠራለሁ ያልኩት ሰውዬ የሰው መኪና ነጂ መሆኑ ይታወቃል፤ እመቤት ትሰማለች፣ ጋሽ ሰይድ ይሰማሉ፣ ሐይቅ ይሰማል። ለዚህ ስል ተውኩት። እንዲህ በአንድ መስመር ስጽፈው ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ ታያላችሁ? እኔም አሁን ነው ያየሁት።

ወር መጣ፣ ወር ሄደ። እመቤት ትጠይቀኛለች፤ እኔ እየተሠራ ነው እላለሁ። አንድ ቀን ግን ድምጿ ተለየብኝ። ሰው እየጠየቀኝ ነው፣ ጎረቤት እያሽሟጠጠ ነው፣ የጎደለ ነገር ካለ ንገረኝ አለችኝ። ወረቀቱ ከፊቴ ተዘርግቶ ነበር። ዓይኔ ስሟ ላይ አረፈ። ሰው ሲዋሽ አስቀድሞ የሚያስብበት ይመስላችኋል? እኔ አላሰብኩም። ከአፌ አፈትልኮ ሲወጣ እኔም ከእሷ ጋር ነው የሰማሁት።

«ስምሽ ነው» አልኳት።

 አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። የቪዛ ሰዎቹ ተጠራጥረዋል፣ በቃዲ ፊት ኒካሕ ያሰረች ሙስሊም እንዴት እመቤት ትባላለች ብለዋል፣ ጋብቻው የውሸት መስሏቸዋል አልኳት። በጣም እውነት ይመስል ነበር። ውሸቴ ያማረው ከአገራችን ስለተቀዳ ነው። ለሰማው ወሎዬ ሁሉ ወዲያው የሚዋጥ ውሸት ነበር፤ ፈረንጅ ይህ እንደማይገባው ሁላችንም እናውቃለንና ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም።

እሷም አልጠየቀችም። ሳቀች። «ፈረንጅ ወሎን የት ያውቃትና ነው! እኔኮ አንዳች ክፉ ነገር ነው ብየ ልቤ ወርዶ ነበር። አብሽር፣ ስም አይደል፣ እቀይረዋለሁ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ማቆም እችል ነበር። ተይው፣ ቀልዴን ነው፣ ማለት ብቻ ነበረብኝ። እኔ ግን እፎይ አልኩ። ጥፋቱ ከእኔ ትከሻ ወርዶ ከእሷ ስም ላይ ሲያርፍ ትከሻዬ ቀለለኝ። እንዲያውም ማን ልባል ብላ ስትጠይቀኝ ከድጃ በይው ብዬ የመረጥኩላት እኔ ነኝ። ዋሸሁ፣ ውሸቱንም ስም አወጣሁለት።

ጋሽ ሰይድ ይህን ሰሙ። ከእሷ ጋር ለብቻቸው ሲሆኑ «ልጄን ከሞት ደጃፍ ያስመለሰ ስም ነው» ብለው አለቀሱ። እመቤት ይህን የነገረችኝ ልታሳዝነኝ ብላ አይደለም፤ አባቴ እንዴት እንደሚወደኝ እይልኝ ብላ ነው። በኋላ ግን ልጄ ከባሏ ከምትለያይ ብለው ፈቀዱ። ፈቀዱ እንጂ ያን አዲስ ስም አንድም ቀን ከአፋቸው አላወጡትም። የወረቀት ስም ነው፣ ለፈረንጅ ነው፣ ይሉ ነበር። ከደጅ ሲገቡ ያው እመቤት ብለው ነው የሚጣሩት።

እሷ መሮጥ ጀመረች። የተወለደችው አምባሰል ስለሆነ ጉዳዩ የሚታየው በወረዳው ከተማ በውጫሌ ነው። ከሐይቅ ሚኒባስ ይዛ ትወጣለች፤ ዳኛው የሉም ይሏታል፣ ትመለሳለች። ምስክር አምጪ ይሏታል፣ ታመጣለች። ነገ ነይ ይሏታል፣ ነገ ትሄዳለች። የምታስተምራቸው ሕፃናት አዲሱን ስም አንለምድም ብለው ሲያስቸግሯት «ቲቸር ከድጃ በሉኝ» ብላ ቦርዱ ላይ ጻፈችላቸው፤ እነሱም ስቀው አልሆንላቸው ሲል «ቲቸር እመቤት ከድጃ» አሏት። ይህን በስልክ ስትነግረኝ ሳቋ ጆሮዬን ይሞላው ነበር። አብሬያት ሳቅሁ። አንድ ሰው ምን ያህል ክፉ ቢሆን ነው አብሮ የሚስቀው?

መታወቂያዋ በአዲሱ ስም ወጣ። ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ከድጃ ሰይድ። እንግዲህ ምን ቀረ አለችኝ። ምንም አልቀረም ማለት አልችልም፤ ምንም ካልቀረ ለምን አትመጣም ነዋ ጥያቄው። ስለዚህ የልደት የምስክር ወረቀትሽም መቀየር አለበት አልኳት። እሱም ሲያልቅ ሌላ እፈልግላት ነበር። አቤት፣ ስንት ነገር ፈልጌላት ነበር! እሷ አንዱን በጨረሰች ቁጥር ሌላ እየፈጠርኩ፣ አንዲት ሴት ከሐይቅ ውጫሌ፣ ከውጫሌ ሐይቅ አመላለስኳት። ግብሬን ለማስተካከል ግን አንዲት መንገድ ተሻግሬ አልሄድኩም።

በዚህ መሀል ጦርነቱ ወደ ወሎ ወረደ። ትምህርት ቤቷ የተፈናቃይ መኖሪያ ሆነ። እሷ እንደ ልማዷ ቁጭ አላለችም፤ ለተፈናቃዩ ወጥ ትሠራለች፣ ሕፃናቱን ሰብስባ ፊደል ታስቆጥራለች። እኔ ዜና እያዳመጥኩ ሰው እጭናለሁ። አባትሽን ይዘሽ ወደ አዲስ አበባ ውጪ ብዬ ብር ልላክ ያልኩበት ጊዜ ነበር። ጋሽ ሰይድ እህሌን ጥዬ አልሄድም አሉ፤ እሷም እሳቸውን ጥላ አልሄድም አለች። ይህን ይህን ሳስታውስ እኔም ደህና ነገር ተናግሬ ነበር እያልኩ ልጽናና እሞክራለሁ። አልጽናናም፤ ቀጥሎ የመጣውን አውቀዋለሁና።

አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ተራ ላይ ተሰልፌ ሳለ ደወለች። ድምጿ ቸኩሏል። የውጫሌው ጸሐፊ የልደት ወረቀትሽ ተፈርሟል፣ ቢሮው ሊዘጋ ስለሆነ ዛሬ መጥተሽ ውሰጂ ብሏታል። ነገር ግን ከውጫሌ በላይ ከወደ ውርጌሳ ከባድ መሣሪያ ይሰማል ይላሉ፤ መንገዱ ላይ የሚወርደው ሰው እንጂ የሚወጣ የለም። «ምን ትለኛለህ፣ ልሂድ ወይስ ልተወው?» አለችኝ።

አያችሁ፣ ጠየቀችኝ። ልትሄድ ወስና አልነገረችኝም። እኔን ጠየቀችኝ። ተይው ብል ትተወው ነበር። ወረቀቱ ለምንም እንደማይረባ በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም እኔ ነኝ፣ እሱንም ነው የጠየቀችው። ከፊቴ ያለው ታክሲ ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላዬ ያለው ጥሩምባ ነፋብኝ።

«አንቺ እንደመሰለሽ» አልኳት። «ግን ቢሮው አንዴ ከተዘጋ መቼ እንደሚከፈት እንጃ።»

«እሽ፣ እንግዲያ ሂጀ ልምጣ» አለች። «በል አላህ ይጠብቅህ።»

እኔን ነው አላህ ይጠብቅህ ያለችው። ከዚያ በኋላ ድምጿን አልሰማሁትም።

በማግስቱ ስልኳ አይሠራም። በሳምንቱ የሐይቅ ስልክ ሁሉ ጠፋ፣ ደሴም ጠፋ። ያ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሰው እየጫንኩ የት እንደማደርሰው የምረሳበት ጊዜ ነበር። ስልኩ ሲከፈት መጀመሪያ የደወሉልኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። መንገዱ እንደተከፈተ ውጫሌ በእግራቸውም በመኪናም ብለው ደርሰው፣ ሬሳ የቀበሩትን ሰዎች ሁሉ ጠይቀው፣ እየተመለሱ ነው። ድምፃቸው ውስጥ ተስፋ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ ልጀ» አሉኝ። «እመቤት የምትባል አልቀበርንም ብለውኛል። መስጊዱ ጥግ አንዲት ከድጃ ብቻ ናት ያለችው፣ ወረቀቷን ያገኙት ሴትዮ ሸሽተዋል፣ የማን ልጅ እንደሆነች ሌላው አያውቃትም፤ እኔም ዱዓ አድርጌላት መጣሁ፣ አላህ ይዘንላት። የእኛይቱ ወደ አንዱ ሸሽታ ነው፣ ኢንሻአላህ ትገኛለች።»

የገዛ ልጃቸው መቃብር ላይ ቆመው ለሰው ልጅ ዱዓ አድርገው ተመለሱ። በእርግጥ ያን ስም ረስተውት ነው? ወይስ ልባቸው ሊያስታውስ አልፈቀደም? እስከ ዛሬ አላውቅም። ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ስም ነው። እኔ ግን ወዲያው አወቅሁ፤ መርጬ ያወጣሁት እኔ ነኛ። ከድጃ ሲሉኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ናት ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ነበረች።

«ኢንሻአላህ ትገኛለች» አልኳቸው።

ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከመጀመሪያው የባሰ ይመስለኛል። ልጃቸው እንደሌለች እኔ እያወቅሁ፣ ሽማግሌው ደሴ ሄዱ፣ ኮምቦልቻ ሄዱ፣ ተፈናቃይ ባለበት ሁሉ እየዞሩ እመቤትን ያያችሁ አሉ። በየምሽቱ ይደውሉልኛል፤ ዛሬ አላገኘኋትም፣ ነገ እዚህ ቦታ አለ ይሉኛል። እኔ ደግሞ እሺ እላቸዋለሁ። ስንት ጊዜ እሺ አልኳቸው! በመጨረሻ መሸከም ሲያቅተኝ ቲኬት ቆርጬ አገር ቤት ገባሁ።

ሐይቅ ቤታቸው ስገባ አቅፈውኝ አልለቅ አሉ። ከስተዋል። የእህል መደብራቸው ተዘርፎ ባዶውን ቀርቷል፤ እሱን አንሥተው አንድ ቃል አልተናገሩም። ያሳሰባቸው ነገ ወደ ወልድያ እንውጣ ወይስ ከሚሴ እንውረድ የሚለው ነበር። ሁለተኛ ልገፋው አልቻልኩም። መታወቂያዋ በአዲሱ ስም እንደነበር አስታወስኳቸው፤ ውጫሌ የተቀበረችው ከድጃ እሷ ናት አልኳቸው። አልጮኹም። ሻሻቸውን ከራሳቸው አወረዱና ጭናቸው ላይ አድርገው ያጣጥፉት ጀመር። አጥፈው ሲጨርሱ ይፈቱታል፣ እንደገና ያጥፉታል።

በማግስቱ አብረን ውጫሌ ወጣን። ያሳደሯትን ሴትዮ አገኘናቸው። ወረቀቷን ተቀብላ ስትወጣ የሚመለስ መኪና አጥታ፣ ደጃቸው መጥታ ነው፤ አስገቧት። ሌሊቱን ከእሳቸው ልጆች ጋር ተኛች። በነጋታው ውኃ ልትቀዳ ግቢ እንደወጣች ከባድ መሣሪያ ወደቀ። ስሟን ጠይቀዋት እንኳ አልነበረም፤ እታለም እያሉ ነው የጠሯት። ሲገንዟት ከጉያዋ መታወቂያና በላስቲክ የተጠቀለለ የልደት ወረቀት አገኙ። ላስቲኩን ለጋሽ ሰይድ ሰጧቸው፤ እሳቸው ማንበብ አይችሉምና ወደ እኔ አሻገሩት። አላነበብኩላቸውም።

ከዚያ መቃብሩ ላይ ቆምን። ጋሽ ሰይድ ዱዓቸውን ጨርሰው ወደ እኔ ዞሩ። አሁን ይጠይቁኛል ብዬ ተዘጋጀሁ፤ እውነቱን ልናገር በልቤ ምዬ ነበር፣ ወላሂ ምዬ ነበር። እሳቸው ግን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። በእኛ አገር ሰው የሰው ሐቅ አለብኝ ብሎ ሲያምን አፉ በለኝ ይላል፤ ባለሐቁ አፉ ካላለ ነገሩ እስከ ወዲያኛው ዓለም ይከተላል።

«አፉ በለኝ ልጀ» አሉኝ። «ያንን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እንደ ሰው ልጅ ከድጃ፣ ፋጡማ ብያት ቢሆን ኑሮ ያኔውኑ ወስደሃት ነበር። ሚስትህን በስም ያስቀረሁብህ እኔ ነኝ። ሐቅህን አፉ በለኝ።»

ሽማግሌው እያለቀሱ ነበር።  ሴትዮዋ ከሩቅ ቆመው ያዩናል። አሁን ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«አፉ ብያለሁ» አልኳቸው።

እንግዲህ ሰማችሁ። ሚስቴን በውሸት ስሟን አስቀየርኳት፤ በዚያው ውሸት ወደ ሞቷ ሰደድኳት፤ አባቷ በእኔ ጥፋት ይቅርታ ሲለምኑኝ፣ ይቅር አልኳቸው። አላሳዘኑኝም ልል አልችልም፣ አሳዝነውኛል። አፌ ግን እንደለመደው ለራሱ ቀላሉን መረጠ።

ወደ አሜሪካ ስመለስ ወረቀት የሚሞላልን ያ ሰውዬ ጋ ሄድኩ። ማንም አልጠየቀኝም፣ አሁን ለምንም አይጠቅመኝም፣ ግን ሄድኩ። ከምሳ በኋላ ገብቼ ሳይመሽ ጨረስን። ቅጣቱም የሚቻል ነበር። ሰውየው ሚስትህ መቼ ትመጣለች አለኝ። ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

አሁን አትጽፍልን፣ ሂድና ለእሳቸው ንገራቸው ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ብነግራቸው ያ ሁሉ ሸክም ከላያቸው ይወርድላቸዋል፤ ልጃቸውን በስም እንዳልገደሏት ያውቃሉ፤ ያን ስም እንደገና ከደጅ ቆመው ሊጠሩት ይችላሉ። አሁን አይጠሩትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያነሷት «ልጅቱ» ነው የሚሏት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የሚከለክለኝም ለእሳቸው ማዘን አይደለም፤ እንዲህ ብዬ ራሴን አልሸነግልም። የሚከለክለኝ በዚህ ምድር ላይ አንድ የሚወደኝ ሽማግሌ ቀርቶኝ እሱንም ማጣት ስለማልፈልግ ነው። ለዚህ ስል የእሳቸውን ሰላም ይዤባቸዋለሁ። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የእናንተ ሐቅ የለብኝም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ይቅርታ የሚያስፈልገው ራሱ ይመስለዋል።

ጋሽ ሰይድ በሕይወት አሉ። አርብ አርብ ከጁምዓ ሲወጡ ይደውሉልኛል። የጤናዬን፣ የሥራዬን ይጠይቁኛል፤ ሌላ አግባ፣ ብቻህን አትኑር ይሉኛል። ከመዝጋታቸው በፊት ዱዓ ያደርጉልኛል። ትናንትም ደወሉ። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ያን ጊዜ አፉ ብለህ ባታሳርፈኝ እንዴት እሞት ነበር፣ አሉኝ። አሚን አልኳቸው።